አምባራችሁን አውልቁ የተባልን ቀን

ባሕር ተሻግሮ ሞሪሸስ ሸንኮራ አገዳ ለሚቆርጠው ለታናሽ ወንድሜ ለከራማት ይድረስ። አሰላሙ ዓለይኩም። ሰውነትህ እንዴት ነው? ያ የወባ ትኩሳት ለቀቀህ ወይ? እጅህን የአገዳው ቅጠል መቁረጡን ተወህ? ምግቡስ ተስማማህ? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን፤ የሚያስቸግረን ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ምንም አልሆነም፤ ዝቅ ብለህ ታየዋለህ።

ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የሚጽፈው ባለቤቴ ዊላያት ነው። ስለ ራሱ የምለውን እንዳይዘል፣ ሲጨርስ ለመስጊዱ አስተማሪ ወስጄ አስነብበዋለሁ ብዬዋለሁ። ይኸው ፊቱን አጨፍግጎ እየጻፈ ነው።

ሀዲዱ ራህማትጋንጅ ከደረሰ ወዲህ የምድጃችን አምባር በበሬ ጋሪ መሄዱ ቀርቶ በባቡር ሆኗል። ካንፑር ያለው ነጋዴ ጊርዳሪ ላል ለሰርግ ወቅት ቀይና አረንጓዴ የመስታወት አምባር አዘዘን። በጭድ ጠቅልለን በሣጥን ላክንለት፤ ተሸካሚዎቹ እንደ ድንጋይ ወርውረውት ስብርባሪ ሆኖ ደረሰ። ደግመን ላክን፤ ያው ነው። ሰውየው «ለሦስተኛ ጊዜ ከተሰበረ ከሌላ አገር አዛለሁ» ብሎ ላከብን። ያን ጊዜ የኔ ጀግና ዊላያት ሄዶ ያንኑ አንተን የወሰደህን ሠራተኛ መልማይ አገኘው። ይህኛው ጭነት ካልሆነልን ምድጃውን አጥፍቶ ለአምስት ዓመት ሊፈርምለት ቃል ሰጠ። ይህን ሲጽፍ አፍሯል፤ ይፈር።

እኔ ግን አንድ ወንድም ለባሕር ሰጥቻለሁ፣ ባል አልጨምርም አልኩ። ውሃ ስቀዳ ክንዴን አየሁት። አምባሬን ካጠለቅሁት ሁለት ዓመቱ ነው፤ እየፈጨሁበት፣ ልብስ እያጠብኩበት አንዱም አልተሰበረም። ታዲያ ሣጥን ምን ያደርግልኛል? የሰፈሩን ባለትዳር ሴቶች ዞሬ ለመንኩ። ስምንት ሆነን፣ እጃችንን በሳሙና እያሟለጭን፣ የጊርዳሪ ላልን አምባር ከአንጓችን እስከ ብብታችን ሞላነው።

ጣቢያ ስንደርስ ክንዳችን አልታጠፍ ስላለ አፍንጫችንን እንኳ ማከክ አቃተን። እናታችንን ያስከተልናት ለዚሁ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት አምባር አታጠልቅምና እጇ ነፃ ነው። የተቆላ ሽምብራ በየአፋችን እየጨመረች «ምኑን ነው እንዲህ የምታላምጪው፣ ዋጥ አድርጊው እንጂ፣ ሌላዋ እየጠበቀች ነው» ትለናለች።

የጭነት ጸሐፊው፣ ያ ጠጉሩን ቅባት የሚያጠጣው ሀሪቻራን፣ አየንና መጣ። የሦስተኛ ማዕረግ ትኬታችንን ብናሳየው አልሰማም። «ይህ ጌጥ አይደለም፣ ሸቀጥ ነው። አንድም ሳይቀር አውልቃችሁ ሚዛን ላይ አድርጉ» አለን። እውነቱን ለመናገር፣ ሸቀጥ ነበር። አንድም ሳይቀር ማለቱ ግን ጉድ አደረገው። በእኛ ዘንድ የሴት ክንድ ባዶ የሚቀረው ባሏን የቀበረች ቀን ነው። ከስምንታችን አንዷ፣ ጎረቤታችን ሱግራ፣ እዚያው ማልቀስ ጀመረች፤ ለኔም ዊላያት መርከቡ ላይ ሲወጣ ታየኝ።

እናታችን ሽምብራውን አስቀመጠች። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ሁለቱን ባዶ ክንዶቿን አፍንጫው ሥር ዘረጋቻቸው። «ልጄ፣ የኔን በድንጋይ የሰበሩት የባሌ ሬሳ ከቤት ሲወጣ ነው። አንተ የማንን ባል ገድለህ ነው አውልቂ የምትለው? ሚስት አለችህ አይደል? በል ሂድና መጀመሪያ የሷን አውልቅ» አለችው።

ከዚያ በባቡሩ ውስጥ የነበሩ ሴቶች፣ ሂንዱውም እስላሙም፣ ባለ አምባር ክንዳቸውን በየመስኮቱ አውጥተው «ና፣ የኔንም መዝን» ይሉት ጀመር። ቀይ ፊት ያለው እንግሊዝ፣ የባቡሩ ኃላፊ፣ ሰዓቱን እያየ ፊሽካውን ይነፋል። ሀሪቻራን ላቡ በቅባቱ ላይ ወረደ፤ ሚዛኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ «ግቡ፣ ግቡ፣ ገደል ግቡ» አለን። ገባን፣ ግን ባቡሩ ውስጥ ነው።

ካንፑር ስንደርስ በገበያው መሃል ክንዳችንን ዘርግተን አለፍን፤ ልጇን የምትድር እናት ሁሉ ተከተለችን። ከዘጠኝ መቶ አርባ አምባር የተሰበረው አራት ነው፤ እሱንም ሱግራ ዝንብ ስታባርር ነው። ጊርዳሪ ላል ራሱ ሁለቴ ቆጠረው። ሚስቱ በሳሙና እያወለቀች ተቀበለችን፤ የራሳችንን ሁለት ሁለት አስቀርተን ሌላውን ሰጠን። አሁን በየሐሙሱ አምጡ ብሎናል። ተራ አልደረሰኝም የሚሉኝን ሴቶች ብታያቸው! ሳልፍ ሰላም የማይሉኝ የነበሩት ዛሬ ከሩቅ ይነሱልኛል፤ ወንድሜ፣ አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኛል።

ያ መልማይ ቅዳሜ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ዊላያት ከምድጃው ቀና ሳይል «ሥራ ላይ ነኝ» አለው፤ ለሚስቱም አንድ ጥንድ አረንጓዴ ሸጠለት። ዋጋ አልቀነሰም።

ሁለተኛ ምድጃ ሠርተናል፣ የሚያነደው ሰው የለም። ውልህ በመጪው ረመዳን ያልቃል። አዲስ ወረቀት ቢዘረጉልህ አውራ ጣትህን ቀለም እንዳታስነካ። ና።

ዊላያት ሰላም ብሎሃል፤ ሱግራም፤ ትንሿ ልጄ ሙኒራ መልክህን ባታውቀውም ትስምሃለች። አብረውህ ያሉትን የአገራችንን ልጆች ሁሉ ሰላም በልልን። እናታችን ደግሞ ምን ልበልልሽ ስላት «ልጄን ድሬ ሚስቱን ከአንጓዋ እስከ ብብቷ ሞልቼ ባቡር ሳላሳፍር አልሞትም በይው» ብላለች።

እህትህ ናሲባን

ራህማትጋንጅ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ
በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 19 ቀን 1884