ፓሻ ስለተባለው አባቴ

ለተከበሩ የከተማችን የቅርስ እድሳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የክቡርነትዎ ጤንነት፣ የቤተሰብዎ ደህንነትና የወንበርዎ ምቾት እንደምን ሰንብቷል? እኔ ሙዓላ፣ የሟቹ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የረምዚ ልጅ፣ ከእናቴ ከሳፊዬ ጋር በደህና አለሁ።

ወላጆቼ በላይኛው ሰፈር ባለው፣ ኮናክ በሚባለው ትልቅ የጥንት መኳንንት የእንጨት ቤት፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው አርባ ዓመት ኖረዋል። አባቴ ከሞተ በኋላ ቤቱ ሊታደስ ነው ተብሎ በሦስት ቀን ስንወጣ፣ ብቸኛ ፎቶው ግድግዳው ላይ ቀረ። ልንወስደው ብንመለስ በሩ ታሽጎ ጠበቀን። ስለዚህ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

፩. ቤቱ የኦቶማን ማዕድ የሚቀርብበት ምግብ ቤት ሆኖ ሲከፈት ፎቶውን ስላልጣላችሁት። እናቴን በመጋቢት ምሳ ልጋብዛት ብወስዳት፣ ገና ሾርባው ሳይቀርብ በወርቅማ ክፈፍ ውስጥ አየችው። ከሥሩ «ሙክሊስ ፓሻ፣ የዚህ ቤት ጌታ» ይላል። የኮቱ የነሐስ ቁልፎች የኦቶማን ሹም አስመስለውት አሳስተዋችሁ ይሆናል፤ ኮቱ ግን ከራሳችሁ ማዘጋጃ ቤት መጋዘን የወጣ የደንብ ልብስ ነው።

፪. ስለ አስተናጋጁ ትሕትና። እናቴ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ባሌ ነው» ብትለው፣ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ፓሻው ከሞቱ መቶ ሃምሳ ዓመታቸው ነው» አላት።

«ታዲያ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?» አለችው።

በየጠረጴዛው ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቀጥሎ «ፓሻው የሚወዱት» ተብሎ በሥጋ የተሞላ ደበርጃን ቀረበልን፤ አባቴ በሕይወቱ ደበርጃን አፉ አስገብቶ አያውቅም።

፫. ስለ ጽሕፈት ቤትዎ ጥንቃቄ። ፎቶው ቢቀር ቅጂው ይሰጠን ብዬ አራት ጊዜ ባመለክት «የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ የፓሻው ዘር መሆንሽን የሚያስረዳ ማስረጃ አምጪ» ተባልሁ። የረምዚ ልጅ መሆኔን የሚያስረዳ ወረቀት አለኝ። የፓሻው ልጅ መሆኔን የሚመሰክርልኝ ግን ከየት ላምጣ?

እንግዲህ እናቴ ባሏን ማየት ስትፈልግ ጠረጴዛ አስይዘን እንሄዳለን። አንድ ሾርባ አዝዛ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ታየዋለች፤ ስንነሳም ፎቶውን ስማው ትወጣለች። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ አብሬያት እቀመጣለሁ።

ደጅዎን ለመጥናት ወደፊትም ጉልበት እንዳላጣ እየለመንሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የፓሻ ልጅነቷን ማስረዳት ያቃታት
ሙዓላ ኦዝቴኪን

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ከፎቶው አጠገብ «እባክዎ ፓሻውን አይሳሙ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ አየሁ። የእርምጃዎ ፍጥነት የሚደነቅ ነው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ግን ይህን የሚነግራት ሰው ከቢሮዎ ይላኩልን፤ እኔ አልቻልሁም።