አንድ ሚሊዮን አንድ

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ምን አስቸኮለኝ? በፈተናው 1,000,001 ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም ብዬ አረምኩ። ከጥርባ በእግሯ የምትመጣው ተማሪዬ ይታይሽ "አይደለም" ብላ ስለመለሰች ኤክስ አደረግኩባት። ዛሬ ወረቀቱን ስመልስ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ለ101 ይካፈላል እኮ።"

ተማሪው ሁሉ እኔን ማየት ጀመረ። "ቁጭ በይ!" ብዬ ጮኽኩባት። ቁጭ አለች።

ቤት ገብቼ አካፈልኩት። ድርሻው 9,901፤ ቀሪ የለውም። እኔ የሞከርኩት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ራሴ በለጠፍኩት የብቸኛ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ያሉትን ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ እስከ መቶ ነው፤ 97 ላይ ያልቃል። ቀጣዩ ማን ነው? 101!

ነገ መጀመሪያ የምገባው እነሱ ጋ ነው። ኤክሱን እሰርዘዋለሁ፤ ማርኳንም እጨምራለሁ። በሃምሳ ልጅ ፊት "ቁጭ በይ" ያልኩትን ግን በምን ልሰርዘው?