ዜሮውን ጠረጴዛው ላይ

ውድ ቲቸር፣

ምናልባት አያስታውሱኝም። ከመስኮቱ ሥር የምቀመጠው፣ ልጆቹ «ኔጌቲቭ» የሚሉኝ ተማሪዎ ነኝ። ስሙ የወጣልኝ በእርስዎ ፈተና ሰበብ ነው፤ ቂም ይዤ ግን አይደለም የምጽፍልዎት።

ጥያቄው እስካሁን ትዝ ይለኛል። ሁለት ኪሎ ብረት አንድ ሜትር ከፍታ ካለው ጠረጴዛ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እምቅ ጉልበቱ ላይ እያለ ስንት ነው፣ ታች ሲደርስስ? ሁሉም ወለሉን ዜሮ ብሎ፣ ላይ ሃያ ጁል፣ ታች ዜሮ ጻፈ። እኔ ዜሮውን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ላይ ዜሮ፣ ታች ኔጌቲቭ ሃያ ወጣልኝ። እርስዎም በቀይ ኤክስ አደረጉበት። «ከምንም በታች ጉልበት አለ እንዴ?» አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የዚያን ቀን ቤት ገብቼ እናቴን «ሳይንስ ለኔ አይሆንም፣ እተወዋለሁ» አልኳት። ይህን ነግሬዎት አላውቅም።

በማግስቱ ገና ጠመኔ ሳያነሱ፣ በስልሳ ተማሪ ፊት፣ «ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ዜሮውን የትም ማድረግ ይቻላል። ከጠረጴዛውም ጀምሩ ከወለሉ፣ ብረቱ የወደቀው ያው አንድ ሜትር ነው፤ ልዩነቱም ያው ሃያ ጁል። ብቻ አንዴ ከመረጣችሁ መሀል ላይ እንዳትቀይሩት።»

ከዚያ እኔ ጋ መጥተው ማርኬን አስተካከሉ። እኔ ግን አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩም።

ዛሬ ሊፍት ገጣሚ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ስምንት ፎቅ ላይ፣ የሊፍቱ ገመድ ቢበጠስ የሚወድቀውን ሳጥን የሚቀበሉ ስፕሪንጎች ሊፍቱ የሚወርድበት ጉድጓድ ግርጌ ገጠምን። የስሌቱ ወረቀት ላይ ከፍታው ሃያ አራት ሜትር ይላል፤ የተለካው ከመንገዱ ነው። ስፕሪንጎቹ ያሉት ግን ምድር ቤት፣ ከመንገዱ ስድስት ሜትር ዝቅ ብሎ ነው።

«ኢንጂነር፣ ዜሮው የት ነው?» አልኩት ስሌቱን የሠራውን።

«መንገዱ ነዋ!»

«ሳጥኑ መንገዱ ላይ አይቆምማ። ገና ስድስት ሜትር ይወርዳል።»

«ተፈርሞበታል እኮ! አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

እንጀራዬ ነው። ግን ከጉድጓዱ አጠገብ ሁለት የቧንቧ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ይውላሉ። እርስዎ በስልሳ ልጅ ፊት ያሉትን አሰብኩ። «በአሸዋ ጆንያ ሳይሞከር አልፈርምም» አልኩት።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ የሳጥኑን ያህል የሚመዝኑ ጆንያዎች ከላይ ለቀቅን። ስፕሪንጎቹ ድቅቅ አሉ። አንዱ ስባሪ ሠራተኞቹ የሚቀመጡበትን ክፍል የጣውላ ግድግዳ በስቶ አለፈ። ኢንጂነሩ ቀዳዳውን በጣቱ ዳበሰው። «በሠላሳ ሜትር እንደገና አስዪው» አለኝ፤ «እኔም አብሬሽ አሰላለሁ።»

ሁለቱ ሰዎች ዛሬም ማታ ማታ በሰላም ቤታቸው ይገባሉ። እርስዎን አያውቁዎትም። ስለዚህ የእነሱንም ምስጋና ይዤ ነው የጻፍኩት።

ጡረታ እንደወጡ፣ ጉልበትዎንም እንደሚያምዎት ከእህትዎ ልጅ ሰማሁ። ቅዳሜ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ከሕንፃው ሰገነት ከተማው ወለል ብሎ ይታያል። ደረጃ አይፍሩ፤ ሊፍቱን የገጠምኩት እኔ ነኝ።

ምንጊዜም ተማሪዎ