ስለ ጀዋሂር ወገብና ስለ አንቺ ወገብ

ይድረስ ለልጄ ለዘሀራ በሺር፤
አሰብ።

አሰላሙ ዓለይኪ፣ ልጄ። አላህ ሰላሙን በቤትሽ ላይ ያብዛው። እንደምን አለሽ? ባልሽ ጀላልስ እንደምን ነው? ልጅሽን ረሂማን የአሰብ ሙቀት አልጎዳትም ወይ? የያዝሽው ጽንስ ሰባተኛ ወሩን ገባ አይደል? እግርሽ ያብጣል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ክረምቱ ጉልበቴን አስቸግሮት ነበር፤ ዝናቡ ሲቀልል እሱም ቀለለው።

በነሐሴ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ለመውለድ ደሴ እንደማትመጪ ጽፈሻል፤ ምክንያቱንም የመንገዱ ርዝመት ነው ብለሻል። ወንድምሽ የሱፍ እውነቷን ነው አለ። እኔ ግን መንገዱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

የየሱፍ ሚስት ጀዋሂር በሰኔ መጀመሪያ ዓብደላን እንደ ወለደች ሰምተሻል። አርባው እስኪሞላ እንደ ደንቡ አረስኳት፤ ገንፎውም አጥሚቱም አልጎደለባትም። ወገቧን በመቀነት አጥብቄ ያሰርኩላትም እኔ ነኝ። እሷ ግን ከሠላሳኛው ቀን ጀምሮ ወገቤ ተሰነጠቀ ትል ነበር። ለማጥባት ስትጎነበስ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለች። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። መተኛት ያበዛች ሴት ትልፈሰፈሳለች ብዬ በአርባ አንደኛው ቀን ከአልጋ አስነሣኋት፤ ከቦኖ ውኃ እንድትቀዳም አደረግሁ።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ለችግኝ ተከላ ዘመቻ ሰው ሊመዘግብ መጣ። አራስ አትወጣም። መዝጋቢዋ ወርቅነሽ ደግ ሴት ናት፤ ጀዋሂር ግድግዳውን ተደግፋ ስትቆም አይታ፣ «እሷ ገና አራስ ናት አይደል፣ እትዬ መዲና?» አለችኝ። አዎ ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን፣ «አርባዋ ከሞላ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው» አልኩ። ልጅ ሆኜ ያስተማሩኝ ሸህ አንዲት ነገር ስትዛነፍ መዳፌን ይመቱኝ ነበር፤ ያ ልማድ ነው እንዲህ ያስመለሰኝ ብልሽ ሰበብ ይሆንብኛል። የተጠየቅሁት ስለ ቀን አልነበረም። ወርቅነሽ ጀዋሂርን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ስሟን ጻፈች።

ጀዋሂር እሑድ ጦሳ ተራራ ላይ ችግኝ በሣጥን ስትሸከም ቆይታ፣ ከቀትር በኋላ ሁለት ሴቶች ደግፈው አመጧት። ልጁ ያለቅስ ነበር። ልታነሣው እጇን ዘረጋች፤ ጎንበስ ማለት ግን አልቻለችም። አንሥቼ ያቀበልኳት እኔ ነኝ፤ ዓይኗን ለማየት አፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን አባቷ አቶ ሸረፈዲን ከኮምቦልቻ መኪና ተከራይተው መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። የመኪናውን የኋላ ወንበር ብርድ ልብስ አነጠፉበት፣ ልጃቸውን አስተኙ፣ እኔንም በአክብሮት ተሰናብተውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። አንድ ቀን እዚያ የምታክማት ነርስ አባይነሽ ዘንድ አብሬ ገባሁ። የወለደች ሴት መገጣጠሚያዋ ለወራት ላልቶ ይቆያል አለች። ከባድ እንዳታነሣ፤ ስታጠባ ልጁን በትራስ ከፍ እንድታደርገው እንጂ እሷ እንዳትጎነበስ፤ በጎኗ ተኝታ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ እንድታስገባ፤ ደግሞም ቀኑን ሙሉ ተኝታ ሳትውል ቀስ እያለች እንድትራመድ ነገረቻት። እግሯ ከደነዘዘ ወይም ትኩሳት ከያዛት ግን ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ አስጠነቀቀቻት። እኔ አርባው ሞልቶ እንደ ነበር ላስረዳ ስጀምር፣ «እማማ፣ አርባውን የሚቆጥረው ሰው ነው፤ አጥንት አይቆጥርም» አለችኝ።

ጀዋሂር አሁን ተሽሏታል። ልጁን ተቀምጣ ትታቀፋለች፤ ለማዘል ገና ናት። ትናንት የልጁን ጨርቅ ሳጥብ ቆይቼ፣ ስላደረግሁብሽ ሁሉ አውፍ በይኝ አልኳት። ሳቀችና፣ ያንን ጨርቅ ሲያጥቡት ሦስተኛ ጊዜዎ ነው፣ መጀመሪያ እሱ አውፍ ይበልዎ አለች። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ «ለእኔስ ቀርቷል። ዘሀራንስ ይቅርታ ጠይቀዋታል?» አለችኝ። ያንቺን ነገር የሱፍ ነግሯት ኖሯል።

ረሂማን በዚህ ቤት ወልደሽ ወገቤን ስትይ፣ እኔ አራት ወልጄ አንድ ቀን ወገቤን ብዬ አላውቅም አልኩሽ። በጎረቤት ፊት አልኩሽ። አንቺም ሳይሻልሽ ልጅሽን አዝለሽ አሰብ ገባሽ። ዘሀራ፣ ያልኩሽ ውሸት ነበር። የሱፍን የወለድኩ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ እናቴ በብብቴ ይዛ ነበር የምታስነሣኝ። ለማንም ሳልናገር ሠላሳ ዓመት ኖርኩ፤ ድካሜ እንዳይታወቅ ነው። ለወርቅነሽ ስድስት ቀን መዋሸት ያቃተኝ ሴት፣ ለገዛ ልጄ ይህን ዋሸሁ።

ነይ አልልሽም። ብትፈቅጂ እኔ በጥቅምት መጨረሻ እመጣለሁ። ከአራስ አልጋ መቼ እንደምትነሺ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እኔ አልጠይቅሽም። እንዳልመጣ ብትጽፊም አልቀየምም። ያን ጊዜ የአባይነሽን ምክር ለምታርስሽ ሴት አንብቢላት።

ጀላልን ሰላም በይልኝ። የረሂማን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ። ጎረቤትሽ ኡሙሰልማ ስለምታግዝሽ ዱዓዬ አይለያት። የሱፍ ይናፍቅሻል፤ ጀዋሂርም ከነልጇ ከኮምቦልቻ ሰላም ብላሻለች።

አውፍ በይኝ፣ ልጄ።

እናትሽ መዲና
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ
መስከረም 9 ቀን 1979 ዓ.ም.