ተዝካሯን በቁሟ ለበሉላት ደራሲ

ይድረስ ለክቡር ደራሲ እንዳለው ሰማው፣ የአርባ ሦስት የፍቅር ልብ ወለዶች አባት፣ የቢቸና አንባቢያን ማኅበር የበላይ ጠባቂ፤ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። እጅዎ ደኅና ነው? ወገብዎስ? በዓመት ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ ለበልግ አንድ ለመኸር፣ ማድረስ ቀላል ድካም አይደለምና ዕድሜዎ እንደ መጻሕፍትዎ ቁጥር ይብዛ። እንደ ጥልቀታቸው እንዳልል ለዕድሜዎ ሰግቼ ነው። እኔ ሞጣ የምኖር፣ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀጭን ልብ ወለድ ጽፌ እሱንም ጓደኞቼ ለይሉኝታ ያነበቡልኝ ሰው ነኝ። ቅናት ነው የሚል ቢመጣ አልከራከርም። ቅናትም አለበት። ደብዳቤውን የምጽፈው ግን የሰገነት ወንድም ስለሆንኩ ነው።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ የላኩባት ሰገነት። ነፍሱን ይማርና አባታችን እሺ ብሎ፣ ዳስ ተጥሎ፣ ጠላ ተጠምቆ ሳለ እርስዎ የመጀመሪያ ረቂቅዎን ይዘው «ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ» ብለው ሄዱ። ሦስቱ ቀን ገና አላለቀም። ዳሱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። እንጨቱ እርጥብ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. እህቴን አርባ ሦስት ጊዜ ስለገደሏት አመሰግናለሁ። በሳንባ ነቀርሳ፣ በወሊድ፣ በአባይ በረሃ በተገለበጠ አውቶቡስ፣ አንድ ጊዜም በመብረቅ፤ ሁልጊዜም ፍቅረኛዋ ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው። ብልሃቱ ይገባኛል። የሞተች ሴት ለምን ቀረህ ብላ አትጠይቅም። ዓይኗ ግን በሦስተኛው መጽሐፍ ጥቁር ነበር፣ በአሥራ ዘጠነኛው የማር መልክ ያዘ፣ በሠላሳኛው አረንጓዴ ሆነ። አርባ ሦስቱንም አንብቤአለሁ። ምናልባት በአንዱ ተርፋ እንደሆነ ብዬ ይሆናል።

፪ኛ. ስለ ክርስትና ስሟ። በአገራችን ይህ ስም ለደጅ ሰው እንደማይነገር ያውቃሉ፤ እናት ታውቀዋለች፣ የነፍስ አባት ያውቀዋል፣ መተተኛ እንዳይሰማው ይሸፈናል። ለእርስዎ የነገረችዎ በቁርባን ልትጋቡ ስለነበር ነው። እርስዎም በአርባ ሦስተኛው መጽሐፍዎ መቅድም ላይ «ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው» ብለው ስሙን ሳያጎድሉ አተሙት፤ መቃብሯም ሞጣ እንደሚገኝ አከሉበት። እኔ እዚህ አልጽፈውም። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ዝም እንበል።

፫ኛ. የቢቸና አንባቢዎችዎ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ያነበቡትን ያምናሉ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ይርጋነሽ «ይቺ ነፍስ ተዝካር ያወጣላት ዘመድ እንኳ የላትም» ብለው አለቀሱ፣ አባላቱን አስተባበሩ፣ ጠላ አስጠመቁ፣ በሬ አስጣሉ፤ መጽሐፉ በወጣ በአርባኛው ቀንም ስሙን ለካህን ሰጥተው ፍትሐት አስደረጉላት። ካህኑ ምን ያድርጉ፤ ስም ተሰጣቸው፣ ጸለዩ። እርስዎ ግን ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። «ልብ ወለድ ነው» ቢሉ ይበቃ ነበር። እርስዎ መሐረብ አወጡ።

፬ኛ. ይህኛው አጭር ነው። ያየህ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት የቢቸና መምህር እህቴን ሊያገባ ሦስት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሦስቱም ተዝካሩን በልተዋል። ሟቿና ሙሽራይቱ አንድ መሆናቸውን የሰሙት መንገድ ላይ፣ የእርስዎንና የእህቴን ነገር ከሚያውቅ የሞጣ መንገደኛ ነው። «ተዝካሯን በልተን ሰርጓን ልንበላ? ይቅር ይበለን!» ብለው ከጉንደ ወይን ተመለሱ። ስለዚህ ሁለት ሠርግ አፍርሰውልናል፤ አንዱን በመቅረት፣ ሁለተኛውን በመጻፍ።

እናታችን ባንቺዓለም ፍትሐት የተደረገበት ስም ዓመት አይከርምም ትላለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት የልጇን እጅ ጨብጣ ይሞቅ እንደሆነ ታያለች። ሰገነት ግን ትስቃለች። ሱቋን ትከፍታለች፣ ጨርቅ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትስቃለች። የሚያስፈራኝ ሳቋ ነው።

ልመናዬ አንድ ነው። በመጪው እሑድ አርባ አራተኛው መጽሐፍዎ ቢቸና ላይ ይመረቃል። ያየህም ይገኛል፤ ሦስቱ ሽማግሌዎችም ከፊት ይቀመጣሉ። እዚያ ቆመው «ሴትዮዋ በሕይወት አለች፤ የቀረሁት እኔ ነኝ» ይበሉ። ስድስት ቃል ነው። እርስዎ በቀን ሠላሳ ገጽ የሚጽፉ ሰው ነዎት።

ይህን በጋዜጣ ሳወጣው እኔም እህቴን አደባባይ ላይ እያሰጣኋት እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። በመጨረሻ ራሷን ጠየቅኳት። «ጻፈው ወንድሜ፤ አንተ እንኳ ገና አልገደልከኝም» አለችኝ።

ብዕርዎ የሚሮጠውን ያህል አንድ ቀን ኅሊናዎ በዳዴ እንኳ እንዲደርስበት እየተመኘሁ፣ ከመጻሕፍትዎ ክምር ግርጌ ሆኜ እጅ የምነሣ፣

እዮብ ገብረ ኪዳን
ከሞጣ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንድ ነገር ረስቼ። በተዝካሩ ዕለት ሰገነት ራሷ መጥታ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከለቀስተኞች መካከል ተቀመጠች፤ የራሷን ተዝካር በላች፤ ከዚያም ዳሱ በር ላይ መጽሐፍ ሲፈርሙ ሰልፍ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ ቀና ብለው፣ ፊቷን በደንብ አይተው፣ «ማን ብዬ ልፈርም?» አሏት። «ሰገነት» አለች። «ደስ የሚል ስም ነው፤ ለሚቀጥለው መጽሐፌ ልጠቀምበት?» አሏት። «ይውሰዱት፤ ይቺን ግን አይግደሉብኝ» አለችዎ። እርስዎም ስቀው «ሳትሞት ማን ያነባታል፣ እመቤት?» ብለው ፈረሙ። መጽሐፉ ፊቴ ነው። «ለማላውቃት እህቴ» ይላል። የእሑዱን ምረቃ ማስታወቂያ ትናንት አየሁት፤ የባለታሪኳ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ሰገነት። ለእህቴ ከገቡላት ቃል ሁሉ የጠበቁት ይህን ብቻ ነውና እጅግ አመሰግናለሁ።