ለልጄ ባል፣ ስለ ግራ ጎኗ

ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን

ይድረስ ለልጄ ባል፤

«ውድ ልጄ» ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ውሸት ጽፌ ፈጣሪ ፊት ከምቆም ወረቀት ባባክን ይሻላል። እንደምን አለህ? እኛ እንዳለን አለን።

ያን ቀን በቪዲዮ ደውለህ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች ብለህ ሁለት ደቂቃ ሳትቆይ ዘጋህ። ማታውን «እኔን ማየት ካልፈለገች አላስገድዳትም» ብለህ ጻፍክ። ይኸው አምስት ሳምንት። አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? የታመመ ይኮረፋል?

አሁን ረጋ ብለህ አንብብ። ከምትሠራበት መጋዘን ደረጃ ስትወድቅ የተመታው የጭንቅላቷ ቀኝ ነው። ዓይኗ ደህና ነው፤ አእምሮዋ ግን በግራዋ በኩል ያለውን ዓለም ትቶታል። ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ ትበላና «ምነው አባዬ፣ ዛሬ አሳነስከው?» ትለኛለች። ሳህኑን ሳዞርላት «ደብቀኸው ነው!» ብላ ትስቃለች። ፀጉሯን የቀኙን ብቻ አበጥራ ትነሳለች። ሠላሳ ዓመት የሰው ፀጉር ሳስተካክል ኖሬ፣ የገዛ ልጄ ግማሽ ራሷ ተንጨባሮ ሳይ የምሆነውን አንተ ታውቀዋለህ?

ሕክምናውንም «ጭንቅላት ታሞ አንገት ማሸት ምን የሚሉት ማጭበርበር ነው» ብለሃል። ሰው አገር ተቀምጦ አፍ መክፈት ቀላል ነው። የምታክማት ባለሙያ ከአንገቷ ጀርባ፣ በግራ በኩል፣ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ መሣሪያ ትይዝላታለች። ድምፁ ቁርጥ የእኔን የፀጉር ቶንዶስ ነው። ሃያ ደቂቃ እንዲያ እያደረገች ጠረጴዛ ላይ የተበተኑ የጠርሙስ ቆርኪዎች ታስለቅማታለች። ንዝረቱ አእምሮዋን «በዚህም በኩል ሰው አለ» ብሎ እንደ ማንኳኳት ነው አለችኝ። ለአንዳንዱ እንደሚሠራ፣ ለአንዳንዱ እንደማይሠራም አልደበቀችኝም።

«ታዲያ ቤት በቶንዶሴ ባደርግላትስ?» ብላት፣

«አባባ፣ እሱን ለጺም ይተዉት!» ብላ ሳቀችብኝ።

መጀመሪያ ቀን ከአሥራ ሁለቱ ቆርኪ አምስት አነሳች። ዓርብ ዕለት ዘጠኝ። ይህ ነው የአንተ ማጭበርበር!

ባለሙያዋ ሌላም ነገር አለች። የምትወደው ሰው ድምፅ በግራዋ በኩል ቢጠራት፣ እሱም እንደ መሣሪያው ሊያነቃት ይችላል። «የማንን ትፈልጊያለሽ?» ስትላት ያንተን አለች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። የማበላት እኔ፣ ደግፌ የማራምዳት እኔ፤ የምትፈልገው ግን አኩራፊውን ነው።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ጸለይኩ። አሁን እጽፈዋለሁ።

ያን ቀን ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የያዝኩትም በግራዋ ነው። ለጎረቤት «ተሳስቼ ነው» ብያለሁ። አልተሳሳትኩም። ግራዋን እንደማታውቅ ባለሙያዋ ከነገረችኝ ሳምንት አልፎ ነበር። ድምፅህን ሰምታ በቀኟ ባለው ግድግዳ ላይ ስትፈልግህ፣ ያንተም ፊት ሲጠቁር እያየሁ እጄን አላዞርኩም። ከዘጋህ በኋላ «አባዬ፣ ድምፁን የሰማሁ መሰለኝ» አለችኝ። «መስሎሽ ነው» አልኳት።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችኝ እሷ ናት። ጥለሃት ሄደህ እንኳ፣ ከወደቀች በኋላ አፏን ስትፈታ የጠራችው አንተን ነው። አንተም አንድ ቀን ቅመሰው ብዬ ነው። ቀመስክ፤ እኔን ግን አልጣፈጠኝም።

ይህን ስለጻፍኩ አንተ ነጻ ወጣህ ማለት አይደለም! እኔ እጄን ባላዞርም፣ አንተ «ምነው፣ ምን ሆነሽ?» ማለት አቅቶህ ነበር? አንዲት ጥያቄ!

እሁድ በእኛ ሰዓት ከቀኑ በስምንት ደውል። በቀኟ እጀምራለሁ። ካየችህ በኋላ ስልኩን ቀስ እያደረግሁ ወደ ግራ እወስደዋለሁ። መሃል ላይ ትጠፋባታለህ፤ ፊቷም ይጨነቃል። ያኔ እንዳትዘጋ። ስሟን ጥራ፣ አውራ፣ የአውቶቡስ ዋጋም ቢሆን አውራላት። እስክታገኝህ ድረስ እጄ አይወርድም።

ፈጣሪ ለእኔ ይቅርታውን፣ ለአንተ ልብ ይስጥ። ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፤ ይህን የምለው ከአንጀቴ ነው።

እሁድ ብትደውልም ባትደውልም፣ ያደረግሁትን አስቀድሜ ቅዳሜ ለእሷም እነግራታለሁ። በግራዋ ሆኜ ብናገር ይቀለኝ ነበር። በቀኟ እቀመጣለሁ።

የሚስትህ አባት