ለበዓል ብቻ የተለቀቀው ውሃ

ሐሙስ፣ ጥር 13 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

የጥምቀት እንግዶችን ይዞ የሚመለሰው መኪና ኮረብታውን እንደዞረ ኃላፊዬ ግድቡን አስዘጋው። በጋውን ሙሉ ለወንዙ ጥቂት ጥቂት ውሃ እንዲለቀቅ ያጠናሁት፣ ከታች ላሉት ሰዎችም ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ለካ የተለቀቀው ለበዓሉ ድምቀት ኖሯል።

"በዓሉ አለፈ እኮ! ለወንዝ ቀለብ ይቆረጥለታል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ከሰዓት ወደ ወንዙ ወረድኩ። ዓሣው ጭቃ ውስጥ ይንፈራገጣል። ከወንዙ የሚቀዱት እማማ ዘሀራ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ቆመዋል።

"ከግድቡ የመጡት ሰዎች ያስዘጋሽው አንቺ ነሽ አሉን" አሉኝ። ፊቴን ሲያዩ ግን፣ "አብሽሪ ልጄ፣ እኔ አላመንኳቸውም" አሉ።

ውሃ ያጡት እሳቸው፣ የሚያጽናኑት እኔን! ይሄ የባሰ አንገበገበኝ። ነገ ኃላፊዬን ሰው ሁሉ ባለበት እጠይቀዋለሁ። ወንዙ ለእንግዳ ዓይን ብቻ እንዲፈስ፣ መድረቁም በእኔ እንዲላከክ ከእንግዲህ አልቀበልም።